ማሙሉን የበላሁት እኔ፣ ያሳበቀብኝ ብሮውዘር

እህቶቼ፣ ዛሬ ምሳ ላይ የሆንኩትን ብነግራችሁ ስልካችሁን ከእጃችሁ ትጥላላችሁ።

አትጣሉት ግን። እኔ በስልክ የተነሳ ተዋርጄ፣ እናንተ ደግሞ በኔ የተነሳ ስክሪን አትሰብሩ።

አሁን ልብስ ማስጫው በረንዳ ላይ ቁጭ ብያለሁ። እንግዶቹ ሄደዋል፣ ሳህኑ ታጥቧል፣ ፊቴ ግን እስካሁን እንደ ቲማቲም ነው። ስልኬ ሞልቶ የዚህን ገጽ አፕ አልጭን ስላለኝ ይሄን የምጽፍላችሁ በብሮውዘር ነው። በየትኛው ብሮውዘር? ቆዩ፣ እደርስበታለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ቲጂ እባላለሁ፣ አረብ አገር አሽራፊዬ የሚባል ሰፈር የሰው ቤት ነው የምሰራው። ቤቱ ውስጥ ሦስት ሴቶች ነን፤ ማዳሜ ሪታ፣ የማዳሜ እናት ቴታ፣ እና እኔ። ቴታ ማለት በነሱ አያት ማለት ነው። የኔ አያት አይደለችም፣ ግን ሰፈሩ በሙሉ ቴታ ነው የሚላት፣ እኔም እንደዚያው።

እና እዚህ ቤት ውስጥ እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃላችሁ?

ቅድስት ነኝ።

አትሳቁ! እውነቴን ነው። እነሱም ክርስቲያን ናቸው፣ ይጾማሉ። የነሱ ግን ያኒ፣ ማለቴ፣ እስከ እኩለ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ አይቡም እርጎውም ይበላል። ማዳሜ በዚያ ላይ ጣፋጭ ትተዋለች፣ እሱም እንደ ትልቅ መስዋዕትነት ለዘመድ ሁሉ በስልክ ይነገራል።

የኛን ሁዳዴ ሲሰሙ ነው ጉዱ የመጣው። ስጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፣ ቅቤ የለ፣ ያውም ሁለት ወር ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ። ቴታ መጀመሪያ ስነግራት ክንዴን ጨብጣ ስጋ ይኑረኝ አይኑረኝ አየች። ከዚያ ወሬውን ነዛችው። አሳንሰር ውስጥ ለጎረቤት፣ ለዳቦ ቤቱ፣ ለፋርማሲው ሰውዬ፣ ለቄሳቸው ሳይቀር።

"ይቺ ልጅ ቅድስት ናት፣ ቅጠል ብቻ ነው የምትበላው" ትላቸዋለች።

የቴታን መድኃኒት ላመጣ ስሄድ የፋርማሲው ሰውዬ ከወረፋ ያስቀድመኛል። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር። አገሬ እያለሁ ማንም ቀድሞ አስገብቶኝ አያውቅም።

ቅድስናው ደግሞ ዝም ብሎ አይደለም፣ ጥቅም አለው። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ አንድም ፋሲካ ከወገኖቼ ጋር አክብሬ አላውቅም። የትንሳኤን ሌሊት ያሳለፍኩት በስልክ ነው፣ እሱንም ድምጹን ቀንሼ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ። እልልታው ሲመጣ እኔ አፌን በትራስ እይዛለሁ።

ዘንድሮ ግን ቴታ ጎትጉታ ጎትጉታ ማዳሜን እሺ አሰኘቻት።

"እንዲህ የጾመች ልጅ የራሷን ፋሲካ ታክብር" አለች ማዳሜ። ቅዳሜ ከሰዓት እወጣለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን አድራለሁ፣ ከዚያ ሺያህ ሰፈር ጓደኞቼ ቤት ዶሮ በልቼ ሰኞ ጠዋት እመለሳለሁ። እያለቀስኩ ነው ሜርሲ ያልኳት። ነጭ ቀሚሴን ያኔውኑ አጥቤ ሰቀልኳት።

"እንዲህ የጾመች ልጅ" ነው ያለችው። ይቺን ቃል ያዙልኝ።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ።

ማዳሜ አዲስ ስልክ ስትገዛ አሮጌውን ለኔ ሰጠችኝ። ፎቶዎቼ ይጠፋሉ ብላ ግን አካውንቷን ከውስጡ አላወጣችም። እኔ ምን ገዶኝ፣ ስልክ አገኘሁ ብዬ እየዘለልኩ ነው። ያስጠነቀቀችኝ ዘሃራ ናት። ዘሃራ የወሎ ልጅ ናት፣ ባዕብዳ የማዳሜ እህት ቤት ነው የምትሰራው። ማዳሞቻችን ሲጠያየቁ እኛም ኩሽና ውስጥ እንጠያየቃለን።

"ቲጂዬ፣ የማዳም ስልክ የማዳም ጆሮ አለው" አለችኝ። "አብሮት በመጣው ብሮውዘር ሚስጥርሽን እንዳትፈልጊ። ሌላ ጫኚ።"

ጫንኩ። ምን ፈለግሽ ምን አየሽ የማትል፣ ስትዘጊያት ሁሉን የምትረሳ ጨዋ ብሮውዘር ጫንኩና ታች ዋናው ረድፍ ላይ አስቀመጥኳት። አብራ የመጣችውን ልሰርዛት ስጫናት ግን ትንቀጠቀጣለች እንጂ አትጠፋም። መሰረዣ ምልክቱ የሌላት እሷ ናት። እኔም ከማልከፍታቸው ነገሮች ጋር ፎልደር ውስጥ ከትቼ ረሳኋት።

እሷ ግን አልረሳችኝም።

ሰው ሊንክ ይልክልኛል፣ እነካዋለሁ። ማን ትከፍታለች? እሷ! ከፎልደሯ ዘላ ወጥታ፣ ያቺን ጨዋዋን ገፍታ። የሙሽራ ቪዲዮ ሊንክ እሷ፣ የጸጉር አሰራር ሊንክ እሷ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄው ነው።

ሴቲንጉን አገላብጬ አየሁት። የጥሪውን ድምጽ መቀየር ይቻላል፣ የጀርባውን ፎቶ መቀየር ይቻላል፣ የፊደሉን መጠን መቀየር ይቻላል። ሊንክ ማን ይክፈትልሽ የሚል ግን የለም።

ባለፈው እሁድ እረፍት ስወጣ ዶራ ሰፈር ስልክ ከሚጠግን ሰውዬ ዘንድ ሄድኩ። "ሊንክ ስነካ ይቺኛዋ እንድትከፍትልኝ አድርግልኝ" አልኩት።

"ሀቢብቲ፣ በዚህ ስልክ አይቻልም" አለኝ። "አስርም ብትጭኚ ሊንክ ሲመጣ የምትከፍተው አብራው የመጣችው ናት። ኩባንያው እንዲህ ነው ያለው። የጫንሻትም ብትሆን ልብሷ ነው የተለየ፣ ውስጧ ያው የነሱው ሞተር ነው።"

"ስልኩ የኔ አይደል እንዴ?"

"ያንቺ ነው። ግን አይቻልም።"

"ታዲያ ስልኩም እንደኔ ከፊል አለበት በለኛ" አልኩት። ከፊል እዚህ አገር ያለሱ ፈቃድ ሥራ የማትቀይሪበት፣ ወረቀትሽ ሁሉ በስሙ የሆነ አሰሪ ነው። ሰውዬው እስኪያስለው ሳቀ። እኔ ብዙም አልሳቅኩም።

እንግዲህ ወደ ኃጢአቴ።

የነሱ ፋሲካ ዘንድሮ የኛን በሳምንት ቀድሞታል። ዛሬ ነበር። እነሱ ሲፈስኩ ለኛ ገና ሆሳዕና ነው፣ ነገ ሰሙነ ሕማማት ልንገባ።

ለፋሲካቸው ማሙል ይጋገራል። ላልቀመሳችሁት፣ ማሙል በሰሞሊናና በሳምኔ፣ ያኒ በነሱ ንጥር ቅቤ፣ የሚታሽ ኩኪስ ነው። ውስጡ ተምር ወይ ፒስታቹ ይከተታል፣ ከዚያ በእንጨት ቅርጽ ተደርጎ ጠረጴዛ ላይ ጠብ ሲያደርጉት ጌጡ ወጥቶ ይወድቃል። ሰሞኑን በሙሉ ስናሽና ስንጋግር ከረምን። ቤቱ ብቻ ሳይሆን ጸጉሬም ማሙል ማሙል ይሸታል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? የሚቀምስ ሰው የለም። ቴታ ስኳር አለባት፣ ሐኪሟ ጣፋጭ ከልክሏታል። ማዳሜ ጣፋጭ ትታለች። እኔ ቅድስት ነኝ። ሦስት ሴቶች ትሪውን ከበን በአፍንጫችን ብቻ እንቀምሳለን።

አንዱ ከቅርጹ ሲወጣ ጫፉ ተሰበረና ተሰብሮ ተጋገረ።

የተሰበረ ለእንግዳ አይቀርብም። መጣል ደግሞ ግፍ ነው። አይደለም እንዴ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? በላሁት። የፒስታቹው ነበር። አፌ ውስጥ ቀለጠ፣ እኔም አብሬው ቀለጥኩ።

ከዚያ በኋላ እጄን ምን እንደነካው እንጃ፣ ብዙ ተሰበረ።

አንድ ነገር ግን ግራ አጋብቶኝ ነበር። ማሙሉ የተቀመጠበትን ቆርቆሮ በከፈትኩት ቁጥር እኔ ከበላሁት በላይ ጎድሎ አገኘዋለሁ። ደህናው፣ ምንም ያልሆነው ሁሉ ጎድሏል። በእንቅልፍ ልቤ ተነስቼ መብላት ጀመርኩ እንዴ ብዬ ራሴን ፈራሁት።

ከዚያ ጸጸቱ መጣ። የአገሬ ልጆች ግሩፕ ላይ ገብቼ፣ "ልጆች፣ አንዲት ጓደኛዬ ሳታውቅ ቅቤ ያለበት ብስኩት በልታ ጾሜ ፈረሰ ወይ እያለች ትጨነቃለች" ብዬ ጻፍኩ።

አንዷ ወዲያው "ጓደኛሽን ጣፍጧት ነበር ወይ በያት" አለችኝ። ይቺ ክፉ ናት፣ ስሟን አልጠራም። ሌላዋ ግን ደግ ናት፣ የመንፈሳዊ ጥያቄና መልስ ሊንክ ላከችልኝ። ነካሁት።

ማን ከፈተችው? አዎ። ባለፎልደሯ።

ልቤ ተሰቅሎ ስለነበር ማን እንደከፈተችው እንኳ አላየሁም። አነበብኩ። ከስሩ ሌላ ጥያቄ አለ፣ እሱንም ነካሁ። ከሱ ስር ደግሞ ለኔ ተብሎ የተጻፈ የሚመስል አለ፣ እሱንም ነካሁ። ምንም ሳልዘጋ ወጣሁ። የማልጠቀምባትን ብሮውዘር ምን ብዬ እዘጋለሁ?

በቃ። ዛሬ ምሳ ላይ የማዳሜ እህት ከባዕብዳ መጣች፣ ዘሃራንም ለሥራ ይዛት መጣች። ጠረጴዛው ሞልቷል፣ በጉ መሃል ላይ ነው። እኔ በአንድ እጄ ሰላጣ፣ በሌላው ቅድስናዬን ይዤ እመላለሳለሁ።

"እዪያት እስኪ፣ ይሄ ሁሉ ስጋ መሃል ቆማ ዞር ብላ እንኳ አታየውም" አለች ቴታ ለእህትየው። "ቅዳሜ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ትሄዳለች።"

"ይገባታል" አለች ማዳሜ። ልቤ ዘለለ።

እህትየው የበጉን አሰራር ከየት አገኘሽው አለቻት። ማዳሜ ታብሌቷን አነሳች፣ ሁሉም እንዲያይ ከትልቁ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘችው፣ ብሮውዘሩን ከፈተች። የትኛውን? ያቺኑ ነዋ። እዚያም እሷው ናት።

እና በማዳሜ አካውንት ባሉት ስልኮች ሁሉ የተከፈተው ገጽ ግድግዳው ላይ ተዘረዘረ። "የሪታ አሮጌ ስልክ" ይላል። ከስሩ ሦስት መስመር አለ። በፊደላችን፣ እንደ ሱቅ ታፔላ ጎልቶ።

"ሳያውቅ ቅቤ ያለበት ብስኩት የበላ ሰው ጾሙ ይፈርሳል ወይ?"

"ጾሙን ያፈረሰ ሰው ለንስሐ አባቱ ምን ይበል?"

"አውቆ የበላስ?"

ክው አልኩ። የሰላጣውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ሹ ሃይዳ?" አለች ማዳሜ፣ ምንድን ነው ይሄ ማለቷ ነው።

ቴታ መነጽሯን አደረገች። "የነቲጂ ጽሕፈት ነው" አለች፣ ፊቷ በርቶ። "ጸሎት ነው የሚሆነው። አንብቢልን ሀቢብቲ።"

በዚህ ጠረጴዛ ላይ አማርኛ የሚያነብ የለም ብዬ ተጽናናሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። የመጀመሪያውን መስመር ትኩር ብዬ እያየሁ በአረብኛ፣ "ጾም ነፍስን ያነጻል ይላል" አልኳቸው።

መሬት ተከፍታ አልዋጠችኝም። እንዲያውም ቴታ ዓይኗን በሶፍት ጠረገች።

"ሁለተኛውስ?" አለች እህትየው። ተማሪ ቤት ያለሁ መሰለኝ። የማውቀው አረብኛ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ፣ የቀረኝ "ሽንኩርት" እና "ጨርሻለሁ" ብቻ ነው። በዚህ መሃል ዘሃራ ሩዝ ይዛ ከኩሽና ገባች።

"እሺ ዘሃራ ታንብብልን" አለች እህትየው።

ዘሃራ ቀና ብላ ሦስቱንም መስመር በዓይኗ ወረደችባቸው። ትከሻዋ ሲርገፈገፍ አየሁ። አለቀልኝ አልኩ። እሷ ግን ሩዙን በቀስታ አስቀመጠች፣ ፊቷን ሰበሰበች፣ በዚያ ባማረ አረብኛዋ፣

"አምላኬ ሆይ፣ ለዚህች ቤት እናት ረጅም እድሜ ስጣት ይላል" አለች።

ቴታ አለቀሰች። ዝም ብላ ብታለቅስ ደግ ነበር። ተነስታ መጣችና እጄን ይዛ ግንባሯ ላይ አደረገችው።

"ጸልዪልኝ ልጄ" አለችኝ። "ሰሞኑን ስኳሬ ያለ ምክንያት ወጥቷል። የጾመ ሰው እጅ ነው፣ ያወርድልኛል።"

እህቶቼ፣ ሆዴ ውስጥ የፒስታቹ ማሙል አለ። እጄ አሮጊት ግንባር ላይ ነው። ፋሲካዬን ያስፈቀደችልኝ ይቺው ሴት ናት። ዝም ብል ቅዳሜን አገኛለሁ፣ ግን ያቺን ነጭ ቀሚስ ለብሼ ከልጆቹ መሃል ቆሜ እልል ስል ይቺ ግንባር እጄ ላይ ልትቀር ነው። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

"ቴታ፣ ማሙሉን በልቻለሁ" አልኳት።

ማንኪያ ሁሉ ቆመ።

"የተሰበረውን ብቻ ነው" ብዬ ጨመርኩ፣ የሚያድነኝ መስሎኝ። ዘሃራ ከኋላዬ በአማርኛ "ወይ አንቺ፣ የኔን ልፋት" ስትል ሰማኋት።

ማዳሜ ሹካዋን አስቀመጠች። "ቆርቆሮው ግማሽ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ያ ሁሉ ነው የተሰበረው?"

"ያ ሁሉ እኔ አይደለሁም ማዳም።"

ማን ያምነኛል? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። እኔ ደግሞ ትንሽ የበላሁ ዳዋ ነኝ፣ እንዴት ብዬ ልከራከር?

"እኔ የፈቀድኩልሽ ስለጾምሽ ነበር" አለች ማዳሜ። ድምጿ ቁጣ የለበትም፣ እሱ ነው የባሰው። "እንግዲህ ቅዳሜ..." አለችና ታብሌቱን ልትዘጋ ጣቷን ሳብ አደረገች።

ነጯ ቀሚሴ መስቀያው ላይ ታየችኝ። እዚያው ልትቀር ነው አልኩ በሆዴ።

ታብሌቱ ግን አልተዘጋም። ዝርዝሩ ወደ ላይ ከፍ አለና ከኔ ስር ሌላ ስም ብቅ አለ። "የማማ ስልክ" ይላል።

ይሄኛው አረብኛ ነው፣ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ማዳሜ ራሷ ጮክ ብላ አነበበችው።

"አንድ ማሙል ስኳር ምን ያህል ይጨምራል?" አለች። ቀጠለች። "ለስኳር በሽተኛ የተምሩ ይሻላል ወይስ የፒስታቹው?" ቀጠለች። "ስኳር ቶሎ የሚያወርድ ሻይ።"

ሁሉም ወደ ቴታ ዞረ። የኔ እጅ እስካሁን ግንባሯ ላይ ነው፣ ማን አንሺ አለኝ?

"ማማ?" አለች ማዳሜ።

"እኔ አይደለሁም" አለች ቴታ። "እኔ ይቺን ከፍቻት አላውቅም። የፋርማሲው ሰውዬ ሌላ ጭኖልኛል፣ እኔ የምፈልገው በዚያችኛዋ ነው!"

አያችሁልኝ? ሴትዮዋ በሰማንያ ዓመቷ እንደኔው ሌላ ብሮውዘር አስጭናለች። ጎረቤቷ የምትልክላትን ሊንክ ስትነካ ማን እንደምትከፍትላት ግን የነገራት የለም። እኔን ያየኝ አምላክ፣ ያን ጊዜ እቅፍ አድርጌ ብስማት ደስ ባለኝ። ለካ ቆርቆሮውን ሁለት ሆነን ነው ያጎደልነው፤ እኔ ከተሰበረው በኩል፣ እሷ ከደህናው በኩል።

መጀመሪያ የሳቀችው እህትየው ናት። ከዚያ ዘሃራ ግድግዳውን ተደግፋ ወረደች። ማዳሜ ልትቆጣ ሞከረች፣ "ማማ ስኳርሽ፣ ማማ እግርሽን ትፈልጊዋለሽ ወይስ አትፈልጊውም" እያለች ጀመረች፣ መሃል ላይ ግን ሳቅ አሸነፋት። እኔም ስቃለሁ፣ ግን ዓይኔ ማዳሜ ላይ ነው። የኔ ነገር አልተቆረጠማ።

ሳቁ በረድ ሲል፣ "ማዳም፣ ቅዳሜስ?" አልኩ ቀስ ብዬ።

ማዳሜ ታብሌቱን ከቴሌቪዥኑ ጋር እንደተገናኘ ትታ ሹካዋን አነሳች። የመለሰችልኝ ቴታ ናት።

"ትሄዳለች" አለች፣ እንደ ዳኛ ቀጥ ብላ ተቀምጣ። "ቅድስት ብትሆን ኖሮ ኩሽና ውስጥም ሆና እግዜር ይሰማት ነበር። የበላች ናት እንጂ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያለባት። እዚያው ለኔም ትጸልይልኝ፣ እኔ የባስኩት ነኝ።"

ማዳሜ እናቷን አየች። እኔን አየችኝ።

"ኸላስ፣ ትሂድ" አለች። "ግን እስከ ቅዳሜ ቆርቆሮው እኔ መኝታ ቤት ነው የሚቀመጠው። ለሁለታችሁም ነው የምናገረው።"

ኩሽና ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ዘሃራ መጥታ በክርኗ ጎሰመችኝ።

"ረመዳን ደርሶ ለአንድ ማሙል አስዋሸሽኝ፣ አስተግፊሩላህ" አለችኝ።

"አንድ አይደለም" አልኳት።

"ቅዳሜ ስትሄጂ ዶሮሽን ስለማልበላልሽ ዳቦ ያዢልኝ። ትልቅ ቁራጭ። ካሳዬ ነው።"

እይዝላታለሁ። ሙሉውን ድፎ ብትለኝም እሸከምላታለሁ።

እና ምን ተማርኩ? የቀረችኝን ሳምንት የምሬን እጾማለሁ፣ በዚህ አትጠራጠሩ። ለንስሐ አባቴም በአፌ እነግራቸዋለሁ፣ ሊንክ አልልክላቸውም። ፋርማሲውም ጋ ከዛሬ ጀምሮ እንደሰው ወረፋ እይዛለሁ።

እናንተ ግን፣ ሌላ ብሮውዘር ጭኛለሁ ብላችሁ ተዝናንታችሁ የተቀመጣችሁ፣ ለመሆኑ ይሄን ሊንክ ስትነኩ የከፈተችላችሁ ማን ናት? እስኪ እዩልኝ። እኔ ለምሳሌ ወደዚህ ገጽ የገባሁት አሁን ዘሃራ "በይ ለሕዝብ ተናዘዢ" ብላ በላከችልኝ ሊንክ...

ቆዩ። ቴታ ከሳሎን ትጣራለች።

"ቲጂ! ቴሌቪዥኑ ላይ እንደገና የእናንተ ጽሕፈት መጥቷል። ያላ፣ ነይ አንብቢልኝ!"

መጣሁ ቴታ። ይሄኛውን እንደተጻፈ ነው የማነብልሽ።